የጽዱ ወገብ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፤ ስድስት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በግቢያችን የሚገኘው ጽድ ወገቡ ተለክቶ ዘጠና አምስት ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኝቷል።

አነጋገሩ የእኔ አይደለም፤ የአባቴ ነው። አባቴ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። ማታ ቤት ሲገባ ኮቱን ያወልቃል እንጂ ሙያውን አያወልቅም። ሳሙና ማለቁን እንኳ ለእናቴ የሚነግራት በቁጥርና በቀን ነው። ሰፈሩ "ቃለ ጉባኤ" የሚል ስም አውጥቶለት ነበር፤ እናቴ ሲያናድዳት፣ "ሰፈሩስ ሰው ያውቃል" ትላለች።

ዛፉን መለካት የተጀመረው ማዘጋጃ ቤቱ በየግድግዳው ማስታወቂያ ከለጠፈ በኋላ ነው። በደረት ቁመት ሲለካ የግንዱ ዙሪያ አንድ ሜትር የሞላ ዛፍ ከዛሬ ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ባለቤቱም ቢሆን አይቆርጠውም፤ በስድስት ሜትር ዙሪያውም አዲስ ቤት አይሠራም። ከአንድ ሜትር በታች የሆነ ግን የባለቤቱ ነው፤ ቢፈልግ ያጠጣው፣ ቢፈልግ ይማገደው። አንድ ሜትር የሞላው ዛፍ ቁጥር የተጻፈበት የቆርቆሮ ታፔላ ይቸነከርለታል። የመንገዱ ማዕዘን ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ በር ላይ የቆመው ግራር አሥራ አራት ቁጥር ደርሶት ነበር። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ የተቸነከረው እሱ ደረት ላይ ይመስል ቀና ብሎ ነበር የሚሄደው።

እኔም የእኛ ጽድ ታፔላ እንዲያገኝ ቀን እቆጥር ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ለዚያ ቀን የሚጓጓ ይመስለኝ ነበር።

ጽዱ የቆመው ከእትዬ ክፍል በር ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ልብስ ሰፊ። የአክስት ወጉ ቀርቶ እኔም እንደ አባቴ እትዬ ነበር የምላት። ግቢውን አያቴ ለሁለቱም ነው የተወው ይባላል፤ ወረቀቱ ግን በአባቴ ስም ነበር፤ በወረቀት ደግሞ ከአባቴ ጋር የሚከራከር የለም። አባቴ የእትዬን ክፍል አፍርሶ በዚያ ማዕዘን ላይ ፎቅ ቤት ሊሠራ ያስባል። ጽዱ አንድ ሜትር ሞልቶ ከተመዘገበ ፎቁ ይቀራል፣ ክፍሏም ትቆማለች። ሳይሞላ ከተቆረጠ ክፍሏ ትፈርሳለች፣ እትዬም ትወጣለች።

ይህን አሁን በጥቂት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩት። ያኔ በቤታችን ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም በአንዱም አልተናገረውም።

ልኬት በዓመት አንድ ቅዳሜ ነው። አባቴ ወንበር አስወጥቶ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል።

"እትዬ፣ ዝግጁ ነሽ?"

"እኔን ምን ትለኛለህ፣ ዛፉን ጠይቀው።"

"ላኪ፣ እህቴ" እያለ ይጽፋል። "ጫፍ ያዥ፣ ልጄ።" መዝገብ ላይ በመግባቴ ጀርባዬ በኩራት ይቃናል። የሜትሩን ጫፍ ይዤ ግንዱ ላይ እለጠፋለሁ፤ ሙጫው ጉንጬ ላይ ይጣበቃል፣ ጉንዳኖቹ በእጄ ላይ መንገድ ያወጣሉ። እትዬ በወዲያ በኩል ዞራ ትመጣና ሜትሩን በጣቷ ትገጥማለች። ጣቶቿ የጠመኔና የስፌት መኪና ዘይት ይሸታሉ።

"ለምን ራስህ አትለካውም?" አለች እናቴ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከኩሽናው በር ሆና።

"ሰው በራሱ ጉዳይ ላኪም ፈራጅም አይሆንም" አላት።

እንዴት ያለ ትክክለኛ አባት አለኝ ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ሳስበው፣ የፈለገው ልኬቷን ሳይሆን ፊርማዋን ነበር፤ ዛፉ የሚቆረጥ ቀን "አላወቅሁም" እንዳትል።

"ዘጠና አምስት" አለች እትዬ።

አባቴ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ያዘነ መሰለኝ። ሄጄ ትከሻውን ያዝኩት። "አይዞህ አባዬ፣ ይደርሳል።"

"ይደርሳል" አለ፤ እንደዚያ ባለ ድምፅ ተስፋ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ከዛፉ ቀጥሎ ተረኛዋ እኔ ነኝ። እትዬ ከበሯ መቃን ጋር አቁማ በዚያው ሜትር ትለካኝና በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች። ሁለት ሜትር ነበራት። ነጩ ቀን ሙሉ አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል፤ የደንበኛ ነው። ቢጫው ቁጥሩ የደበዘዘ፣ የጫፉ ናስ የወለቀ ነው።

"እኛን ለምን በቢጫው?" አልኳት።

"የዛፍ ገላ ሻካራ ነው፤ ነጩን ይበላብኛል። ቢጫው ጡረታ ወጥቷል። ጡረተኛ ደግሞ ዛፍና ልጅ ይጠብቃል።"

አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ልኬት በፊት ባለው ሳምንት፣ ቢጫው ሜትር ውኃ ተነክሮ ከሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የከሰል ካውያው ታስሮበት አይቻለሁ። ካውያው እንደ ተሰቀለ ሰው ቀስ እያለ ይዞራል። ምን አጥፍቶ ነው አልኳት።

"ተጨማዶብኝ ነው" አለች መኪናዋን ሳታቆም። "እያቃናሁት ነው።" ሜትሩ አሳዘነኝ። ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ዋለ።

በሁለተኛው ዓመት ዘጠና ሰባት ሆነ። በዚያ ሰሞን እናትና አባቴ ሲነጋገሩ በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

"የምታደርገው ከሆነ አድርገው፣ ካልሆነ ተወው" ትላለች እናቴ። "በሽተኛ ነው የምታስታምመው?"

"ፕላኑ ሳይጸድቅ ብነካው ሰው ምን ይላል? እህቱን ሊያስወጣ ነው አይልም?"

"ልታስወጣት አይደል?"

"እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ደግሞ ምን አስቸኮለን፤ ገና ሦስት ሳንቲ ሜትር አለን።"

እትዬን ከምን እንደሚያስወጣት አልተናገረም፤ ከችግር ይሆናል አልኩ። አባቴን በዚያ ቀን ይበልጥ ወደድኩት።

ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ጽዱ ዘጠና ስምንት ሆነ፤ እኔ መቶ አሥራ ስምንት። ቅዳሜ ነበር። ሰኞ ትምህርት ቤት ነርስ መጥታ ሁላችንንም በግድግዳ ላይ በቀለም በተጻፈ ሜትር አቁማ ለካችን።

"መቶ ሃያ አራት" አለች።

"ተሳስተሻል" አልኳት። "መቶ አሥራ ስምንት ነኝ። የለካችኝ ልብስ ሰፊ ናት።"

"እንግዲህ ቀሚስሽ ለምን እንደሚያጥርሽ አወቅን" አለችና ክፍሉን አሳቀችብኝ። ግን ደግማ ለካችኝ። መቶ ሃያ አራት።

ወደ ቤት ስሄድ በሒሳብ የተመሰገንኩ ልጅ ነበርኩና አሰላሁት። በሁለት ቀን ሰው ስድስት ሳንቲ ሜትር አያድግም። ስለዚህ ቢጫው ሜትር ሰርቆኛል። ከእኔ ስድስት ከሰረቀ፣ ከጽዱ ደግሞ አምስት ያህል ይሰርቃል። ዘጠና ስምንትና አምስት። መንገዱ መሀል ቆምኩ። ከዚያ ሮጥኩ። እንደዚያ ያለ የምሥራች ይዤ ዳግመኛ ሮጬ አላውቅም።

ምሳ ላይ ነበሩ፤ የምስር ሾርባና ዳቦ። እትዬ ሁልጊዜ ምሳ ከእኛ ጋር ነው የምትበላው። ቦርሳዬን ሳላወርድ ተናገርኩ። ጽዱ መቶ አልፏል፣ መቶ ሦስት ነው፣ ታፔላው ይገባዋል፣ የእትዬ ቢጫ ሜትር ረዝሞ ነው፤ የረዘመ ሜትር አሳንሶ ነው የሚለካው፤ በእኔ ታይቷል። ሁሉንም በሥርዓት አስረዳሁ፣ እንደ አባቴ፣ በተራ ቁጥር።

የአባቴ ማንኪያ ቆመ። የእትዬ አልቆመም፤ ባዶውን ወደ አፏ ሄደ፣ ባዶውን ተመለሰ።

አባቴ እትዬን አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"የተሳሳተው የትምህርት ቤቱ ነው" አለ በዝግታ። "እትዬ ሃያ ዓመት የሠራችበት ሙያ ነው። አይደለም እንዴ እትዬ?"

"ነው" አለች እትዬ። "የእነሱ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነው። ቀለም የሚቀባ ሰው መቼ ልክ ያውቃል።"

"ሾርባው ቀዘቀዘ" አለች እናቴ፣ ለማንም ሳይሆን።

አለቀስኩ። የምሥራቼን ሁለቱ ተጋግዘው ስለገደሉብኝ ነበር ያለቀስኩት። እትዬ የራሷን ዳቦ ከፊቷ አንስታ እኔ ፊት አስቀመጠችው። ለምን እንደሰጠችኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ልትቀጣኝ ይገባት ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል። ያልኳቸውን ሁለቱም ያውቁት ኖሯል፤ እሷ ከመጀመሪያው ልኬት፣ እሱ ከሾርባው ጀምሮ። እትዬ ሜትሩን ያስረዘመችው አባቴ ጊዜ ያለው እንዲመስለው ነው፤ ገና ነው እያለ ሲጠብቅ ዛፉ መቶን እንዲሻገር። ተሻግሮም ሄዳ አላስመዘገበችውም። "ወንድሟን በመንግሥት ከሰሰች" መባልን አልፈለገችም። አሳቧ ይህ ነበር፦ አባቴ ሊቆርጠው የተነሣ ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጥቶ በራሱ የብረት ሜትር መለካቱ አይቀርም፤ ያኔ "አይቆረጥም" የሚለው ሕጉ ራሱ ይሆናል፤ እሷ መኪናዋ ላይ አቀርቅራ፣ አፏን ሳትከፍት፣ ክፍሏ ትተርፍላታለች። ሕጉን እንደ ታላቅ ወንድም ነበር የተማመነችበት፤ ታላቅ ወንድም ስላልነበራት ይሆናል።

አባቴ ደግሞ በምሳው ሰዓት ሁለት ነገር ገባው። ዛፉ አምልጦታል። እንዳላመለጠው የሚመሰክሩ ሦስት ፊርማዎች ግን በእጁ አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አልሄደም። ቁጭ ብሎ ማመልከቻ ጻፈ። "የግል ጥቅም በሌላት ባለሙያ እጅ በተከታታይ ሦስት ዓመት የተለካና ከተወሰነው መጠን በታች መሆኑ የተረጋገጠ" የሚለውን ጮክ ብሎ ለራሱ ሲያነብ ሰማሁት። ጽዱን ለታፔላ እያጨው መሰለኝና እንባዬን ጠረግሁ።

ሐሙስ ዕለት የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጣ። ሰፈሩ "የዛፍ አባት" ነው የሚለው፤ ዛፍ የሚናዘዘው እሱ ዘንድ ነው ይባላል፣ ንስሐውን በብር የሚከፍለው ግን ባለቤቱ ነው። ለምስክርነት ፀጉር አስተካካዩና የጎረቤታችን የዳቦ ነጋዴ ሚስት ተጠርተዋል። ሁለቱም የለበሱት እትዬ የሰፋችውን ነው።

የዛፍ አባት ጽዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። የኮቱ ኪስ ውስጥ ክብ ነገር ጎላ ብሎ ይታያል፤ የብረት ሜትር መሆኑን ከጫፉ ብልጭታ አወቅሁ። አላወጣውም።

"ባለሙያ ቤት ገብቶ ሜትር ማውጣት ነውር ነው" አለ። "እርስዎ ይለኩት እትዬ፤ እኛ እንመዘግባለን።"

እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ነው አልኩ በልቤ።

እትዬ ነጩን ሜትር ከአንገቷ አወለቀች።

"እሱ አይደለም እትዬ" አለ አባቴ፤ በጣም በትሕትና። "ቃለ ጉባኤዎቹ የተያዙት በቢጫው ነው። ሜትር ከተቀየረ መዝገቡ ይምታታል።"

"ይኼም ሜትር ነው።"

"ነው። በቢጫው ላይ ጥርጣሬ ካለሽ ግን አሁን ተናገሪ። የፈረምሽበት ስለሆነ ጥርጣሬሽንም እመዘግበዋለሁ።" ብዕሩን ከፈተ፤ ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ጠበቀ።

"ኧረ የእኔም ሱሪ በቢጫው የተለካ ይመስለኛል" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ስቀመጥ ቁርጭምጭሚቴ ውጪ ያድራል።"

"ያንተንስ ሜትሩ አይደለም፣ ሆድህ ነው ያሳጠረብህ" አለች የዳቦ ነጋዴው ሚስት። ሳቁ። ቀጥላ ግን የራሷን ቀሚስ እጅጌ ሳብ አድርጋ አየችው፤ እትዬም ስታያት አየቻት።

እትዬ አልሳቀችም። የዛፍ አባትን ኪስ ነበር የምታየው። እኔም አየሁ። እሱ ጫማውን አየና ሆዱን እንደሚያመው ሰው መዳፉን ኪሱ ላይ አሳረፈ። እዚያው አቆየው።

እትዬ ነጩን ሜትር መልሳ አንገቷ ላይ አደረገች። ገብታ ቢጫውን ይዛ ወጣች።

"ጫፍ ያዥ" አለችኝ። በዚህ ስም ጠርታኝ አታውቅም፤ የአባቴ ቃል ነበር።

ያዝኩ። በወዲያ በኩል ዞራ መጣች። ገጠመችው፣ ግን አላነበበችም።

"አንቺ አንብቢው" አለኝ አባቴ። "ማንበብ ትችያለሽ አይደል።"

መቶ ሦስት ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ መሳሳቱን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነግረውኛል፤ አንዷ ራሷ እትዬ ናት። ከጣቷ ሥር ያለውን ቁጥር አየሁ። ድምፄን አጥርቼ፣ ክፍል ውስጥ እንደምናደርገው፣ አነበብኩ።

"ዘጠና ስምንት።"

የዛፍ አባት የተለካበት ቦታ ላይ በቀይ ቀለም ዙሪያውን መስመር አሰመረ። አባቴ ጻፈ። ምስክሮቹ ፈረሙ። "እትዬ፣ እዚህ ጋ" አላት አባቴ፤ ፈረመች።

ደብተሩ አሁን እኔ ዘንድ ነው። አባቴ ሲሞት ከሌላው ንብረት ለይቶ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ስሜን ጽፎ የተወልኝ እሱን ብቻ ነው። ለምን ለእኔ እንደሆነ ምክንያቱን አልጻፈም፤ በሕይወቱ ምክንያት ሳይጽፍ ያለፈው ብቸኛ ጉዳይ ነው። የእትዬ ፊርማዎች አራት ናቸው። ሦስቱ ጨርቅ እንደሚቀድ መቀስ ፈጠን ብለው የሄዱ ናቸው። አራተኛው ፊደል በሚማር ልጅ እጅ የተጻፈ ይመስላል።

እትዬ ከወፍጮ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች፤ ቀን ሙሉ ግድግዳው ከወፍጮው ጋር ይንቀጠቀጣል፤ ክር በመርፌ ለመክተት ወፍጮው እስኪቆም ትጠብቅ ነበር። የሠርግ ቀሚሴን የሰፋችው እዚያ ነው። በነጩ ሜትር ለካችኝ፤ በጣት ያህል እንኳ አልሳተችም። ስለ ጽዱ አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም፤ ክብሬን ነበር የጠበቅሁት፣ ሌላ ስም የለውም። ፎቁ እስከ መሠረቱ ተቆፍሮ ቀረ፤ ፕላኑ አልጸደቀም።

እዚህ ላይ ልጨርሰው እችል ነበር። ነገር ግን ግንዱ የተጫነበት እሑድ ይቀረኛል።

ጽዱን ቅዳሜ ጣሉት። የወደቀው በእትዬ በር ትይዩ ነው፤ ለመውጣት ቀሚሷን ሰብስባ ግንዱን መሻገር ነበረባት። እሑድ ጠዋት ግቢው መጋዝ በተፋው ዱቄት ቢጫ ሆኖ፣ አየሩ ጉሮሮ የሚከረክር የሙጫ ሽታ ሞልቶት ነበር። የዛፍ አባት የመጫኛ ፈቃዱን ይዞ መጥቷል። ፀጉር አስተካካዩና የዳቦ ነጋዴው ሚስት ለማየት ቆመዋል። እናቴ ለሁሉም ሻይ ቀድታለች። ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው፣ ሰው ሁሉ ጥሩ ጥሩውን ይናገራል።

"ሕግ ሕግ ነው" አለ አባቴ ደብተሩን ብብቱ ሥር አድርጎ። "ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢጨምር ኖሮ ታፔላውን እኔው ራሴ በእጄ ነበር የምቸነክረው።"

"እኛም በሁለት ሳንቲ ሜትር ነው ያጣነው" አለ የዛፍ አባት። "በጣም ያሳዝናል። ምን ይደረግ።"

"የዕድሉ ነገር ነው" አለች እትዬ በሯ ደፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሻይዋን በሁለት እጇ ይዛ። "ልኩ አልደረሰም።"

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅሁ።

ግንዱን የገዛው አናጢ ከከተማው ሌላ ጫፍ የመጣ፣ ማንንም የማያውቅ፣ ለወሬም ጊዜ የሌለው ሰው ነበር። ስንት ጣውላ እንደሚወጣው ለማወቅ ግንዱን እየዞረ አየው። ግንዱ ከቅርንጫፍ የጸዳው ቀዩ ቀለም ጋ ነበርና እዚያ ተንበረከከ። የብረት ሜትሩን በሥሩ አሾልኮ በላይ አዙሮ አመጣና በአውራ ጣቱ ገጠመው። ጓደኛው መኪናው ላይ ሆኖ ገመድ ይፈታል።

"መቶ ሦስት" አለ አናጢው። "ያዝ።"

ገመዱ ቆመ። የሻይ ብርጭቆዎቹ ባሉበት ቀሩ። የዛፍ አባት ፈቃዱን በሁለት ጣቱ ይዞ ዛፍ ወደሌለበት ሰማይ አየ። እትዬ አባቴን አየችው፤ አባቴ እኔን አየኝ። ብዕሩ እጁ ላይ ክፍት ነበር።

አናጢው ቀና ብሎ ሁላችንንም በየተራ ቃኘን። ያልሰማነው መሰለው። ወደ ሜትሩ መልሶ ጎንበስ አለና አረጋግጦ፣ በዚህ ጊዜ እስከ መንገዱ በሚሰማ ድምፅ፣ ደገመው።